ማንደፍሮ ካቸር ሲመርጥ

ባሌ ማንደፍሮ ለራሱ ሸሚዝ ሲገዛ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ ማርች ላይ ግን አንድ ካቸር ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ እኔንም አብሮ ፈጀኝ። ካቸር ማለት በቤዝቦል ጨዋታ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለው ሰውዬ ነው። ሰውዬ አልኩ እንጂ የማንደፍሮ ተጫዋቾች ሰውም አይደሉ። ኮምፒውተር የፈጠራቸው ናቸው። ስም አላቸው፣ ዕድሜ አላቸው፣ የሚያማቸው ጉልበት አላቸው፤ እናት ብቻ የላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክላንድ በሚሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ ስምንት ሰዎች በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ሊግ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቲም አለው። ማን እንዳሸነፈ ኮምፒውተሩ በየቀኑ ወረቀት ያወጣል፤ እነሱ ሳንድዊቻቸውን እየገመጡ ይጨቃጨቃሉ። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

ማንደፍሮ የፋይል ክፍል ሠራተኛ ነው። እዚያ ቢሮ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመት ምሳውን የበላው እዚያው ፋይል ክፍል፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን ነው። እኔ ደሜ ይፈላ ነበር። «ሰው ብቻውን ሲበላ እያዩ ‘ና አብረን እንብላ’ የማይሉ ምን ዓይነት ፍጥረቶች ናቸው?» እላለሁ። እሱ «ተዪ ወርቂቱ፣ ባህላቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ከሊጉ አንዱ ሥራ ለቀቀና «ስምንተኛ ሰው እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማንደፍሮ ስለ ቤዝቦል የሚያውቀው ነገር ቢኖር ኳሱ ትንሽ መሆኑን ብቻ ነው። ሄዶ ስሙን ጻፈ። ያን ቀን እኛ የምንኖርበት ዩኒየን ሲቲ ከባቡር ሲወርድ ፊቱን ብታዩት ሎተሪ የወጣለት ነው የምትሉት።

ደንባቸው ግን ጨካኝ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ሰው ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ይለቃል። ማንደፍሮ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከስምንቱ መጨረሻ ወጥቷል። «ታዲያ ከሊጉ ቢወጣስ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳይቀመጥ ማን ይከለክለዋል?» ትሉ ይሆናል። ባሌን ስለማታውቁት ነው። ያለ ምክንያት ሰው መሀል አይቀመጥም፤ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ሰዎች ብስቅም፣ ያቺን ወንበር እንዲያጣ ፈጽሞ አልፈልግም ነበር።

«ያዋረደኝ ካቸሩ ነው» አለኝ። «ሌሎቹ ቤዝ ሲሰርቁብኝ ከረሙ።»

«ሲሰርቁ?»

«አዎ። ወርዋሪው ኳሱን ሲለቅ ሯጩ ሹልክ ብሎ ወደሚቀጥለው ማረፊያ፣ ወደ ቤዙ፣ ይሮጣል። ካቸሩ ቶሎ ወርውሮ ካላስያዘው ተሰረቀ ማለት ነው።»

«ሌብነት የተፈቀደበት ጨዋታ ነው እንዴ የምትጫወተው? ፓስተራችን ይህን ያውቃሉ?»

አልሳቀም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘረጋ። ለልጃችን ለሲና ባል የሚመርጥ ነበር የሚመስለው። አንደኛው ሆብሰን ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ ክንዱም የደከመ፤ ግን ወርዋሪዎቹ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ ደህና ይወረውራሉ ይላል ወረቀቱ። ማንደፍሮ ክፉ አይናገረውም፤ እንዲያውም «ጋሽ ሆብሰን» ነው የሚለው። «ያልተወለደ ሰው ጋሼ ትላለህ?» ስለው «ዕድሜው እኮ ነው ወርቄ» አለኝ። ሁለተኛው ፒኔዳ የሚሉት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። መምታቱንስ ይመታል፤ ኳስ ተቀበል ሲሉት ግን ግማሹ ያመልጠዋል። «ይሄማ ዓይነ ሥውር ነው፣ ይቅርብህ» አልኩ። አያችሁ፣ ሳላስበው እኔም ገብቼበታለሁ።

ሁነኛው ካቸር ክዊል ነበር። ክንዱ ጠንካራ፣ ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ የሚያመው ነገር የለ። ችግሩ፣ ክዊል የማንደፍሮ አይደለም፤ የዶን ነው። ዶን ሊጉን የሚመራው፣ የካሳ ጥያቄ በሚታይበት ክሌም ክፍል የሚሠራው ረጅም ሰውዬ ነው። ማክሰኞ ዕለት ዶን ራሱ መጥቶ «ማኒ፣ እኔ ሁለት ካቸር አለኝ። ክዊልን ውሰድና ከሯጮችህ አንዱን ስጠኝ» አለው። ከሰማይ የወረደ ዕድል! ይህን ሲነግረኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ታዲያ ምን አልከው?»

«አይ፣ አይሆንም፣ ለአንተ ያስፈልግሃል አልኩት።»

«ለምን?!»

«እንዴት፣ ገና ከአፉ ሳይወጣ እጄን ልዘርጋ? ደግሞ ይጠይቀኛል።»

ረቡዕ ዶን አልጠየቀም። ሐሙስም አልጠየቀም። ማንደፍሮ ከሥራ እንደገባ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲጮህ ብድግ ይላል፤ የሲና ጓደኛ የማሕሌት እናት ስለ መዘምራን ልብስ ልትጠይቀኝ ነው። ዝውውሩ የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሲና እንኳ መጽሐፏን አስቀምጣ «ዳድ፣ ጀስት ኮል ሂም» አለችው። «ደውዬ ልለምነው? ነውር ነው» ብሎ ሆብሰንን ደግሞ ማንበብ ጀመረ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ሲያልፍ አላስቻለኝም። ማንደፍሮ ዓርብ ዓርብ ቀደም ብሎ ነው ከሥራ የሚወጣው፤ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ፣ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው የሊጉ ወረቀት የዶንን ቁጥር አየሁና ደወልኩ። «ወርቂቱ ነኝ፣ የማንደፍሮ ሚስት። ባሌ ካቸሩን ይፈልገዋል» አልኩት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ግን አይሆንም ብሎኛል እኮ» አለ ዶን።

«አንዴ ነዋ! አንዴማ ማንም አይሆንም ይላል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሰጡት መጀመሪያ አይሆንም ይላል፤ ሁለተኛም አይሆንም ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ነው ልቡ የሚታወቀው። አንተ አንዴ ጠይቀህ ሄድክ።»

 

«ወርቂቱ» አለኝ ዶን ቀስ ብሎ፣ «ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከእኛ ጋር ምሳ እንዲበላ ጠይቄው ነበር። አይ አመሰግናለሁ አለኝ። ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ነው ብዬ ዳግመኛ አላስቸገርኩትም።»

 አራት ዓመት ሙሉ የረገምኩት ሰው ይሄ ነው። አፈርኩ፣ ደግሞ ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። ዶን ግራ ገብቶት ይሁን አዝኖ እንጃ፣ «ክዊል አሁንም እኔ ጋ ነው። ግን ደንቡ ነው፣ የቲሙ ባለቤት ራሱ እፈልገዋለሁ ማለት አለበት። እስከ አሥራ አንድ ቢሮ ነኝ» ብሎ ተሰናበተኝ።

ማንደፍሮ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ሲወጣ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ዶን እየጠበቀህ ነው። እፈልገዋለሁ በለው። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።»

«ወርቄ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ማንዴ፣ አሥራ አንድ ሊሆን ነው!»

ደወለ። እኔና ሲና ተፋጠን ቆመናል። «ዶን፣ እንዴት ነህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆች ደህና ናቸው? እናትህስ ተሻላቸው?» ወይ ጌታዬ! ሰዓቱን በጣቴ አሳየሁት። ላብ በላብ ሆኗል፤ ከሻወር ወጥቶ እንደገና ሻወር ያስፈልገዋል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ «ዶን፣ ክዊልን እፈልገዋለሁ» አለ።

ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» እያለ ዘጋው። ሲና ዘላ ተጠመጠመችበት። እኔም ካቸር በማግኘቴ እንዲህ የምደሰት ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅኩ።

ሲና ወደ ክፍሏ ስትገባ አጠገቡ ተቀምጬ ዶን ስለ ምሳው ያለኝን ነገርኩት። ትዝ አይለኝም የሚል መስሎኝ ነበር።

«ትዝ ይለኛል» አለ። «ወንበር ሁሉ ስቦልኝ ነበር። መቼም ተመልሶ ይጠይቀኛል ብዬ ምሳዬን ሳልከፍት ጠበቅኩት።»

«ብዙ ጠበቅከው?»

ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አጠፈ።

«ሳምንቱን ሙሉ» አለኝ።