«የማንም አይደለም» ያሉት እናቴ

የአስር ሰላት ሰግጄ መስገጃዬን ሳላጥፍ ስልኬ ጮኸ። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ብረት የሚበይደው ወንድሜ ቪዲዮ ልኮልኛል፤ ከሥሩ «እማዬ ደኑን አስረከቡልሽ» ብሎ የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል። ድሬዳዋ ከተዳርኩ ወዲህ የቤት ወሬ ሁሉ የሚደርሰኝ በዚህች ስልክ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም። ከፈትኩት።

የቀበሌ አዳራሽ ነው። እናቴ አረንጓዴ ሻሻቸውን አስረው ቆመዋል። ቪዲዮው ላይ የማይታይ ሰው፣ ሎጅ ሊሠራ የመጣው ድርጅት ተወካይ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት፣ ለስለስ ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ ይጠይቃል።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን። ይሄ ቦታ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» ይላሉ እናቴ። አዳራሹ ይስቃል። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

ደግሜ አየሁት። ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ሻይ ጥጄ ረሳሁት። እንደገና ከፈትኩት፤ ከሳቁ በኋላ የሆነች ቃል ታመልጣለች ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ምንም የለም።

ቦታው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጥብቅ ደን ነው፤ የሕዝብ። ከዛፎቹ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፣ ኮረሪማ አለ፣ ሰፈራችን የሚጠጣው ምንጭ የሚፈልቀው ከውስጡ ነው። ድርጅቱ «ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ነው» ይላል። ነዋሪው አቤቱታ አስገብቷል። አሁን ያቺ ቁራጭ ቪዲዮ የድርጅቱ ማስረጃ ሆና ቀርባለች፤ የእናቴ አፍ።

በእኛ ቤት «የማንም አይደለም» ማለት «አትንኩ» ማለት ነበር። አንድ ክረምት አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከደኑ የቡና ችግኝ ነቅለው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ ጓሮ ሊተክሉ አመጡ። እናቴ በር ላይ ጠበቋቸው።

«ከማን አመጣኸው?»

«ከማን ይመጣል? ከደኑ ነዋ! የማንም አይደለም።»

«እኮ! የጎረቤት ቢሆን ሄደህ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትለዋለህ፣ ይልሃል። የማንም ያልሆነውን ማንን አውፍ ልትል ነው?»

«ሴትዮ፣ ጦጣ እንኳን ይበላዋል እኮ!»

«ጦጣ አይጠየቅም።»

አባቴ ዝናብ እየመታቸው፣ እያጉረመረሙ፣ ችግኙን መልሰው ተከሉት። ሲመለሱ «ከጦጣ ያነስኩ ሰው ራቴን ስጡኝ» አሉ። ሳቅን። እናቴ ግን የምራቸውን ነበር።

ቪዲዮውን ባየሁበት ቀን ለእናቴ ደወልኩላቸው። ሄርማታ ገበያ መሃል ነበሩ፤ የባጃጁ ጥሩምባ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

«እማዬ፣ አዳራሹ ውስጥ ምንድን ነው ያሉት?»

«ምን አልኩ? የማንም አይደለም አልኩ። ውሸት ነው?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ካን ረቢቲ፣ የአላህ ነው፣ ማንም አይሸጠውም አልኩ መሰለኝ። ሰው ሲስቅ ልቤ ተረበሸ፣ ልጄ። ማለቴማ አይቀርም።»

ከጎናቸው አንድ ነጋዴ ሲጮህ ሰማሁ፦ «እማማ፣ የማንም ያልሆነ ሱቅ ካወቁ ለእኔም ይጠቁሙኝ እንጂ!» ገበያው አሽካካ። እናቴ «ዋ! አንተ ባለጌ» አሉት፤ ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ሄርማታ አልወረዱም። ዘይትና ስኳሩን የሚገዛላቸው ወንድሜ ነው።

የነዋሪውን አቤቱታ የሚያየው ኮሚቴ ምስክር ይሰማል። እናቴ አልሄድም አሉ። «አንዴ ተናግሬ የሰው አፍ ማሟሻ ሆንኩ፤ ደግሞ ለራሴ ራሴ ልመስክር?» ብለው ዘጉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጽፈሽ ላኪ። ለጥየቃ መጥቼ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ በይ። ማን ያውቅብሻል?»

«የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ።»

«ኡፍ! ጀነትን ለብቻሽ ልትገቢ ነው እንዴ?»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀት ፈለግሁ፤ «እናቴ እንዲህ ብለዋል» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ምን ሊሉ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ሲሉ ግን አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብል ደኑ እንኳን ቢተርፍ፣ በምን ፊቴ መስገጃ ላይ እቆማለሁ? ዝም ብልስ? ምንጩ ላይ አጥር ሲታጠር «እናትሽ የሰጡት ነው» ይሉኛል፣ እሳቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው። ውዱእ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ሰላቱ ሳይደርስ እነሣለሁ። ባለቤቴ «ቁጭ በይ እስቲ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ይለኛል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ለነበራችሁ ነው። ስቃችሁም ከሆነ አልቀየምም፤ እኔም ብኖር ልስቅ እችል ነበር። ግን ቪዲዮው ከተቆረጠ በኋላ እናቴ ምን እንዳሉ የሰማችሁ አላችሁ። አጠገባቸው የተቀመጣችሁ ሴቶች አላችሁ። ስልኩን የያዝከውም አለህ፤ ቀሪው እጅህ ላይ ካለ አውጣው። ኮሚቴው ፊት ሂዱና የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ። አንዲት ቃል አትጨምሩላቸው። ዝም ብለው ከተቀመጡም ዝም አሉ በሉ። ብቻ ለአላህ ብላችሁ፣ ሂዱ።