የማያልቀው ሳሙና

በሰፈሩ ሶፋ ሠሪውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ "ይበቃል" ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ከሥራ ቤቱ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጫማ ጠጋኞች ናቸው። ሻይ ሲቀዱለት ብርጭቆው ሳይጋመስ "ይበቃል" ይላል። ስኳር ሲጨምሩለት ማንኪያው ዘንበል ከማለቱ "ይበቃል" ይላል። ፀጉር ቆራጩ ከጆሮው በላይ ነካ ነካ ሲያደርግለት እንኳ፣ ፀጉሩ ተቆጥሮ የተሰጠው ይመስል፣ "ይበቃል" ይላል። በዚህ ስም ሲጠሩት አይቆጣም። ቀና ብሎ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ "አቤት" ይላል። ያላግባብ የወጣለት ስም አይመስለውም።

ሙያውን የሚያማ የለም። ያረጀ ሶፋ ሲመጣለት ልብሱን የሚገፈው ቁስል እንደሚፈታ ሐኪም ቀስ ብሎ ነው። ስፖንጁን በአንድ በኩል፣ ሞላውን በሌላ በኩል ያኖርና የነቀለውን ምስማር በጣሳ ያጠራቅማል። የተጣመመውን በመዶሻ ደቅ ደቅ አድርጎ ያቃናና እንደገና ይመታዋል። "ኧረ አዲስ ምስማር ግዛ" ሲሉት፣ "ይሄ ምን ሆነ? ጎበጠ እንጂ አልሞተ። እኔስ ጎብጬ የለም?" ይላል።

ቤቱም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ከበሩ አጠገብ በምትገኘው የመታጠቢያ ቦታ ላይ ያለው አንድ ሳሙና ነው፤ ያው የልብስ ሳሙና የሚባለው፣ ድፍኑ። እሱን በስፖንጅ መቁረጫው ቢላዋ ይከፍለዋል። ለገላም እሱ ነው፣ ለሳህንም እሱ ነው፣ ለጢምም እሱ ነው። "እድፍ እድፍ ነው፤ የሳህን እድፍና የአንገት እድፍ ምን ለያቸው?" ይላል ሰው ሲጠይቀው። ሳሙናው ሳስቶ እንደ ቅጠል ሲሆን በአሮጌ ካልሲ ጫፍ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲው ሲሞላ ተቋጥሮ ለወለል ማሻ ይሆናል። የጥርስ ሳሙና እቃው ተጨምቆ ተጨምቆ ሲያበቃ በመቀስ ይሰነጠቅና ውስጡ ይጠረጋል። ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። ጎረቤቶቹ ከሩቅ አይተው፣ "ዛሬም የይበቃል ልጆች ታጥበው ተሰጥተዋል" ይባባላሉ።

የሸሚዙ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ኮሌታው ሲበላ ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ሲበላ ሸሚዙ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ ከትራስ ወደ አቧራ መጥረጊያ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ተቀዳዶ የአንዱን ደንበኛ ሶፋ ክንድ ይሞላል። እንደኔ ግምት በዚያ ሰፈር ከይበቃል አሮጌ ሸሚዞች በአንዱ ላይ ክንዱን ያላሳረፈ ሰው አይገኝም።

ይህን ስል ቤቱ የቆሸሸ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ወለሉ ላይ ቢበሉበት አያሳፍርም። ዕቃ ስለሌለ አቧራ የሚሸሸግበት ቦታ አጥቶ ራሱ ይወጣል።

ታዲያ ልጃቸው በሌላ ከተማ ወለደችና ባለቤቱ ልታርሳት ሄደች። ቀጠሮው ሕፃኗ አንገቷን እስክታጸና ነበር። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛት፤ ሻንጣዋን ከጣሪያ አስጫነላት፤ በመስኮቱ በኩልም ቆመ። ደህና ሁኚ ማለት ብቻ ባዶ ሆነበት መሰል፣ "በይ እንግዲህ" አላት፣ "ለቤቱም ደግ ነው። አንቺ ስትሄጂ ሳሙናው ይበረክታል።"

ረዳቱ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም ሳቁ። ባለቤቱ መስኮቱን ዘጋችው። ይበቃል ነፋሱን ፈርታ ነው ብሎ አሰበ።

ሕፃኗ አንገቷን አጸናች። ባለቤቱ አልመጣችም። ሕፃኗ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ሳትደገፍም ተቀመጠች፤ ጥርስ አወጣች። ባለቤቱ አሁንም አልመጣችም። ይበቃል "መቼ ነው የምትመጪው" ብሎ መጠየቅ ከክብሩ ዝቅ የሚያደርገው መሰለውና፣ በየጊዜው እየደወለ ሌላ ሌላውን ይጠይቃል። ክሩ የት ነው? የመጋረጃው ቀለበት የት ነው? አጠገቡ ያለውን ነገር ሳይቀር ይጠይቃል። እሷም ያለበትን ትነግረውና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስከትላለች።

"ሳሙናው እንዴት ነው?"

"አለ፣ ምን ይሆናል! ያንቺ መሄድ ጠቀመው። ምንም አልጎደለ" ይላል በኩራት።

"ደስ ይበልህ።"

"ደስ ብሎኛል።"

ስልኩ ይዘጋል። እሱ ጥሩ ጨዋታ የተጫወተ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ስለ ልጃቸው ቤት ጠየቃት። "እዚህማ" አለች፣ "ለመስታወቱ ለብቻው አለ፤ ለወለሉ ለብቻው፤ ለእጅ ለብቻው። ለፀጉር ደግሞ አንደኛው አለ፣ እሱን የሚከተልም ሌላ አለ።"

"የሚከተለው ምን ያደርጋል?"

"የመጀመሪያው ያደረቀውን ያለሰልሳል።"

"ታዲያ የመጀመሪያውን ለምን ይቀቡታል?"

"እንጃላቸው። ግን ሽታው ደስ ይላል።"

ይህቺ "ሽታው ደስ ይላል" የምትለው ነገር ሆዱ ገብታ ቀረች። ሶፋ ሲመታ ትዝ ትለዋለች። መዶሻው ጣቱን ሲያገኘው እንኳ የሚሰድበው መዶሻውን ሳይሆን ያን ሽታ ነው።

ሳሙናውም ቢሆን መጀመሪያ ያስደስተው እንደነበረው አልሆነም። ጠዋት ሲነሳ ያየዋል፤ ማታ ሲገባ ያየዋል፤ ያው ነው። ሰው የማይነካው ሳሙና ይደርቃል። ደርቆም እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። በገመዱ ላይ የሚሰጣው የሱ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የሚደፋው አንድ ሳህን ነው። አንድ ቅዳሜ ልብስ አጥቦ ሲጨርስ ሳሙናው ዛሬም አለማነሱን አይቶ ተናደደና፣ ትናንት የታጠበ ሸሚዝ አውጥቶ እንደገና ማሸት ጀመረ። መሐል ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ ገባው። ሸሚዙን በአረፋው እንዳለ ትቶት ደጅ ላይ ተቀመጠ።

ግድግዳ የምትጋራው ልብስ ሰፊ ከመስኮቷ ሆና አየችው። አንደበቷ እንደ መርፌዋ ነው፤ የሚሄድበትን ያውቃል።

"ጋሼ፣ እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?"

"ሕፃኗ አለች አይደል።"

"ጥርስ አወጣች ብለውኝ አልነበር? እስክትዳር ሊጠብቋት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ እዚያ ሽታው ደስ ብሏታል" አለና ስለ ጠርሙሶቹ ነገራት።

ልብስ ሰፊዋ ጥቂት አሰበች። "ታዲያ ያስቀራቸው እሱ ከሆነ ይግዙላቸዋ" አለች። ይህን ስትል እንደማያደርገው እርግጠኛ ነበረች።

እሱ ግን ሸሚዙን አለቅልቆ አሰጣና በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄደ።

ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየው ድፍኑን ሳሙና አወረደ። "አለቀ ጋሼ?"

"አላለቀም። የመስታወት ማጠቢያ ስጠኝ።"

"ለማን?"

"ለመስታወት ነዋ። የወለልም ስጠኝ። የእጅም። የፀጉር አለ? የሚከተለውንም ጨምር።"

ባለሱቁ አንዱን ባወረደ ቁጥር ፊቱን እያየ "ይበቃል" የምትለውን ቃል ጠበቀ። ቃሏ አልመጣችም። በመጨረሻ በጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር?"

"ጤነኛ ነኝ። ፌስታል አትስጠኝ፣ ይዣለሁ።"

ይህን ሲሰማ ባለሱቁ ትንሽ ተጽናና።

ይበቃል ጠርሙሶቹን ቤት አምጥቶ በቁመታቸው ደረደራቸው። አንዱንም አልከፈተ፤ ለመጉደል ምን አቻኮላቸው? እንዲያውም አቧራ እንዳይይዛቸው በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላቸው ጀመር። ያለ እነሱ ንጹሕ የነበረ ቤት፣ አሁን የጽዳት ዕቃ የሚጸዳበት ቤት ሆነ።

ባለቤቱ እንድታያቸው ፈለገ። የሱ ስልክ ምስል አያሳይም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊዋን ለመናት። መጣች፤ ደወለች፤ ስልኩን በፊቱ ትክክል ያዘችለት። መጀመሪያ የባለቤቱ ግንባር ብቻ ታየ። "እማዬ፣ ዝቅ አድርጊው" የሚል የልጃቸው ድምፅ ተሰማና ሙሉ ፊቷ መጣ።

"እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ሳሙናው እንዴት ነው?"

"እሱን ተዪው። ይኸውልሽ፣ ተመልከቺ።"

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ መደርደሪያው አዞረችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የመስታወት፣ የወለል፣ የእጅ። ይሄ የፀጉር፣ ይሄ የሚከተለው።"

"ማን ሊታጠብበት?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ የት ነኝና?"

"እዚያ።"

"እዚህ ተቀምጬ እዚያ ባለው ልታጠብ?"

ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ስትውጥ ነው።

"እስክትመጪ ይቆይሻል፣ አልተከፈተም" አለ ይበቃል።

"ግዛልኝ አልኩህ?"

"አላልሽም። ሽታው ደስ ይላል አልሽ።"

"የልጄ ቤት ገብቼ ይገማል ልበል?"

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በላይ መቻል አልሆነላትም። "ጋሼ፣ እትዬ ሁልጊዜ ስለ ሳሙናው የሚጠይቁት ለምን ይመስልዎታል?"

"ያለቀ መስሏት ነዋ።"

"እንዲያልቅ ፈልገው እኮ ነው። እርስዎ ደግሞ ምንም አልጎደለ፣ ምንም አልጎደለ ይሏቸዋል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ምንም አልጎደለ ሲባል ምን ይሰማዋል?"

"ተዪው ልጄ" አለች ባለቤቱ በስልኩ ውስጥ። "ያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት እንደ ወጪ ቆጥሮኝ ነው የሸኘኝ። አሁን ምን ይገባዋል ብለሽ ነው።"

ይበቃል ጆሮው ድረስ ጋለ። የዘጋችው መስኮት አሁን ገባው። ነፋስ አልነበረም። በዕድሜው ሙሉ ሰውን ና ብሎ ለምኖ አያውቅም፤ ደንበኛው ራሱ ይመጣል፤ እሱም የሚያውቀው መጠበቅ ነው። አሁን ደግሞ ይህን ሊናገር የሚገባው ጎረቤት በእጇ በያዘችው ስልክ ላይ ነው።

"አንቺ ትንሽ ወጣ ብትይልኝ" አላት ልብስ ሰፊዋን።

"ስልኩን ማን ይያዝልዎት? እጄም ደንዝዟል፣ ቶሎ ይበሉ።"

ሄደና ሳሙናውን አንስቶ አመጣ፤ በስልኩ ፊት ያዘው።

"ይኸው እዪው። ተሰነጣጠቀ። በቀደም ንጹሕ ሸሚዝ አጠብኩበት፣ እንዲያልቅልኝ ብዬ። አላልቅ አለኝ።" ዓይኑን ወደ ወለሉ አደረገ። "እኔ ብቻዬን አልጨርሰውም። ነይ።"

"ምን አልክ?"

"ሰምተሻል።"

"አልሰማሁም። ልጅህም ትስማ፣ ከፍ አድርገው።"

"ነይ አልኩሽ! ነይ።"

ከዚያ ወገን የልጃቸው ሳቅ ተሰማ፤ ሕፃኗም በማይገባት ነገር አብራ ሳቀች። ባለቤቱ ሻርፗን አስተካከለች፤ አፏን ለመሸፈን ይሁን ለሌላ አልታወቀም። "በመጪው እሁድ እሳፈራለሁ" አለች። "እነዚያን ጠርሙሶች መልስ። የፀጉሩን ብቻ ተው፤ ሁለቱንም።"

ባለሱቁ የሸጠውን አልመልስም አለ። "ያስቀምጧቸው ጋሼ፤ ያን ቀን ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃ ይሆኑኛል" አለው።

እሁድ ይበቃል ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደረሰ። ባለቤቱ ወረደች፤ ረዳቱ ሻንጣዋን አወረደ፤ ቀጥሎ ስትሄድ ያልነበረ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ከጣሪያው ሲስብ ውስጡ ተንቃጨለ።

"ቀስ፣ ቀስ! ይሰበራል" አለች እሷ።

ይበቃል የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ አየ። ባዶ ብልቃጥ ነው። ትልቁም ትንሹም ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተደርድሯል።

"ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

"ሊጥሉት ነው እኮ! እንዲህ ያለ ክዳን ያለውን! እኔ ያሳደግኳት ልጅ!" ወዲያና ወዲህ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "አማቻችን ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ከቆሻሻው ስለቅም ከረምኩ። አንድ ቀን ረስቶት የሄደውን ሊወስድ ተመልሶ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ፤ ምንም አላለ፣ ጨዋ ነው።"

ይበቃል አንዱን ብልቃጥ አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈታ አለ።

"ትልቁ ለሙጫ ይሆናል" አለ።

"ሙጫ? ይሄን ሁሉ መንገድ ይሰበራል ብዬ ስሳቀቅለት የመጣሁት ለሙጫ ነው? ትልቁ ለስኳር ነው።"

"ስኳር ምን ያህል አለንና?"

"የሚሞላ ያህል እንገዛለን።"

ማዳበሪያውን በሁለት ጫፍ ያዙትና መንገድ ጀመሩ። እሷ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፤ እሱ ብልቃጦቹ እንዳይጋጩ ብሎ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ሰፈር ሲደርሱ ጫማ ጠጋኞቹ ሊያበሽቁት ቀና ቢሉም ፋታ አላገኙም፤ የትልቁ ብልቃጥ ክርክር ገና አላለቀም ነበር።