ሁዳዴን የጾመው ቅጠል

ዝንብ የሚበላውን ተክል ያመጣሁት ከምሥራቅ ጀርመን ነው። ለእርሻ ሥልጠና ተልኬ ሳለሁ አስተማሪዬ ሰጠኝና በጃም ጠርሙስ፣ በካፖርቴ ኪስ ይዤው መጣሁ። መካኒሳ ስደርስ ይሞታል ብዬ ነበር፤ አልሞተም። የቧንቧ ውሃ ስለማይስማማው የዝናብ ውሃ እያጠራቀምኩ አጠጣሁት። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ላይ ሁለት ከንፈር አላቸው። ዝንብ ገብቶ ውስጥ ያሉትን ፀጉሮች ደጋግሞ ሲነካ ግጥም ይላሉ። ከሥራ ስመለስ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ እሱን አያለሁ። ባለቤቴ «ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች።

አባቴ ሲሞት እናቴን ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ቀዬዋ ለምኜ አመጣኋት። ቤታችንን ግን አልለመደችውም። የምታልበው ላም የለ፣ የምትኮተኩተው ጓሮ የለ፣ ባለቤቴም ለክብሯ ስትል ድስት አታስነካትም። በየጠዋቱ «መቼ ነው የምትሸኘኝ?» ትለኛለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ስመለስ ተክሌን ስስ ሻሽ ተከናንቦ አገኘሁት።

«ምንድን ነው ይሄ እማዬ?»

«በጾም ሥጋ ሲበላ እያየሁ ዝም ልበል? ክርስቲያን ቤት እኮ ነው ያለው!»

«ቅጠል እኮ ነው! ደግሞ ዝንቡ ጭማሪ ነው እንጂ ፀሐይና ውሃ ይበቃዋል።»

«እንግዲያው መጾም ይችላላ» አለችና ሻሹን አስተካከለች።

ከዚያ ወዲህ ተክሉ የእሷ ሆነ። ጠዋት ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች፣ ታጠጣዋለች፣ «አይዞህ፣ ፋሲካ ደረሰ» ትለዋለች። እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ንቃተ ህሊና ስንደነቁር ቆይተን ስንመለስ ቤታችን የሚጾም ቅጠል ይጠብቀናል። እኔና ባለቤቴ በሳቅ እንፈርሳለን። እንዲህ ደስ ብሎን የከረምንበት ጾም አላስታውስም።

የፋሲካ ዕለት ማንም ሳይቀምስ ከበጉ ቀይ ሥጋ ቆረጠችና ትልቁ ቅጠል ውስጥ አኖረችለት። «እንኳን አደረሰህ!» ቅጠሉ ገጠመ። እናቴ እልል አለች፤ እኛም አጨበጨብን።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ቅጠሉ ጠቆረና ሸተተ። ለዝንብ የተሠራ አፍ ያን ያህል ጮማ አልቻለም። እናቴ ምግብ አልበላ አላት። በማግስቱ ጠዋት ጓዟን ሸክፋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ሸኘኝ ልጄ። እዚህ ከማጥፋት በቀር የምሠራው የለኝም።»

ደነገጥኩ። ተክሉ ሺህ ጊዜ ይሙት፣ እሷ ግን ከሄደች እንደማትመለስ አውቄያለሁ። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። የጠቆረውን ቅጠል በመቀስ ቆርጬ ጣልኩና ከሥሩ ብቅ ያለውን አዲስ ቅጠል አሳየኋት። ምስር አያክልም፤ ከንፈሮቹ ገና አልተላቀቁም።

አጎንብሳ ብዙ አየችው።

«ይሄ አፉን የሚከፍተው መቼ ነው?»

«እንጃ። የሚያሳድገው ካገኘ ነው።»

«ሥጋ አላሳየውም» አለች፤ ለራሷ ነው የተናገረችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ ተቆጣች፤ «ታዲያ ይሄን ጨቅላ ጥዬልህ የት ልሂድ?»

ጓዟን ራሷ ፈታችው። እኔም ደስታዬ አላስቆም ብሎኝ ሥራ መሄዴን ረሳሁት።