የቦራ ድልድይ

ባለጋሪው ገዛኸኝ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ደብረ ብርሃን ገበያ ያለውን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ቢነዳ አይስትም ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ለይቷቸው ስም አውጥቶላቸዋል። አንደኛው «የሠናይት እንቁላል» ነው፤ ሠናይት የምትባል ነጋዴ አንድ ሙሉ ቅርጫት እንቁላል የፈሰሰባት እዚያ ነው። ሌላው «ወንበሩ» ይባላል፤ አንድ ባጃጅ ገብቶበት ጎታች እስኪመጣ ድረስ ተደላድሎ ተቀምጦበት ስለዋለ።

ዘንድሮ ክረምቱ እንዳለፈ መንገዱ ተጠገነ። ጉድጓዶቹ ተደፈኑ፣ ቦዩ ክዳን አገኘ፣ አዲስ አስፋልት ፈሰሰ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይም ለልጆቹ መሻገሪያ ወፍራም ነጭ ዜብራ ተቀባ።

«የጋሪዬ ጎማ ሊያርፍ ነው፤ ወገቤም አብሮ» እያለ ገዛኸኝ ላገኘው ሁሉ ተናገረ።

ደስታው የቆየው ቦራ ዜብራው ጋ እስኪደርስ ነው።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረሱ ነው፤ ከእነዋሪ ገበያ ከገዛው ሦስት ዓመት ሆነው። የጭነት መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። የዚያን ረቡዕ ግን ነጩ መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ገዛኸኝ ልጓሙን ቢነቀንቅ፣ አለንጋውን በአየር ላይ ቢያጮኸው፣ ወይ ፍንክች! ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ተቀባበለ።

«ፋዘር፣ ደክሞት ከሆነ እኛ እንግፋው!» አለ አንዱ ባለባጃጅ።

ጋሪው ላይ የድንች ጆንያዋን ታቅፋ የተቀመጠችው የዘወትር ደንበኛው ብርነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተ ገዛኸኝ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ፣ እያሰበ ነው።»

«አስቦ እስኪጨርስ ድንቼ ያቆጠቁጣል!»

ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ዓይኑን በነጠላ ቢሸፍነው ቦራ ታውሮም ቆመ። ዜብራው ላይ ገብስ ቢበትንለት እስከ ጫፉ ያለውን ለቅሞ፣ ለቀረው አንገቱን አስረዝሞ፣ እግሩን ግን አላነሳም። ይሄኔ ትራፊክ ፖሊሷ ምስራቅ መጣች።

«ጋሼ ገዛኸኝ፣ አይቀየሙኝ» አለች። «ከኋላዎ ያለው ሰልፍ መታጠፊያው ጋ ደርሷል። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ቆሜ አያለሁ። ካልተሻገረ በዚህ መስመር መሥራትዎ ይቀራል፤ በታች በኩል ይዞራሉ።»

በታች በኩል ያለው ኮረኮንች ነው፤ ገበያተኛ አይሄድበትም። ገዛኸኝ ከጋሪ ሌላ ሥራ አያውቅም። አርብ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ውሎ አመሻሹ ላይ ፈረሱን ለሸጠለት ለገብረ ጻድቅ ደወለ።

«ዜብራ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ገብረ ጻድቅ።

«አስፋልት ላይ የሚቀባ ነዋ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር።»

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «ወይ ቦራ! ድልድይ መስሎት ነዋ! እኛ ወንዝ ላይ የተላጠ ባሕር ዛፍ ደርድረን ነው የምንሻገረው። ውርንጭላ ሳለ እግሩ በመሃል ሾልኮ በስንት መከራ አወጣነው። ነጩን ግንድ፣ ጥቁሩን ገደል ነው የሚያየው።»

«ታዲያ እንዴት ታሻግሩት ነበር?»

«ወርደን ነዋ! ፈረስ ላይ ተቀምጦ ግንድ የሚሻገር አለ? ቀድመኸው ግባ። አንተ ካልወደቅህ ይከተልሃል።»

ገዛኸኝ ስልኩን ዘግቶ አፈረ። እሱም የመዘዞ ገጠር ልጅ ነው፤ የአባቱን ፈረስ በግንድ ድልድይ ላይ ስንት ጊዜ እንደዚያ አሻግሯል። አሥራ አራት ዓመት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ረስቶት ኖሯል።

ቅዳሜ ምስራቅ ቃሏን ጠብቃ ቆማለች። ባለባጃጆቹም ትርዒት እንደሚያይ ሰው ዳር ይዘዋል። ገዛኸኝ ዜብራው ጫፍ ላይ ከጋሪው ወረደ፤ ልጓሙን ያዘና ፊቱን ወደፊት አድርጎ ነጩን መስመር ረገጠ። ከማዶ አንድ ሚኒባስ እየበረረ ሲመጣ ምስራቅ እጇን ዘርግታ አቆመችው። ቦራ የጌታውን እግር አየ፣ አሸተተ፣ አንድ ኮቴውን አሳረፈ። አልሾለከም። ሁለተኛውን አስከተለ። ብርነሽ ከነድንቿ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች እልልታዋን አቀለጠችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ለምን ወረዱ?» አለች ምስራቅ እየሳቀች።

«እግረኛ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ቅድሚያ ይሰጠኝ።»

ምስራቅ «ይለፉ!» ብላ ቀጥ ብላ ሰላምታ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ገዛኸኝ በዚያ መስመር ሲመላለስ ዜብራው ጋ በደረሰ ቁጥር ይወርዳል። ተማሪዎቹ ሲያዩት ከጎኑ ተሰልፈው ይሻገራሉ፤ ባለሚኒባሶቹም የቦራን ነጭ ግንባር ከሩቅ ሲያዩ ፍሬን መያዝ ለምደዋል። ገበያተኛው ዜብራውን «የቦራ ድልድይ» ብሎታል። ብርነሽ ግን አሁንም አልማረችውም።

«ጎማህ አረፈ፣ ወገብህ አረፈ» ትለዋለች ከላይ ሆና። «እግርህስ?»

«እግሬማ» ይላል ገዛኸኝ ልጓሙን እየሳበ፣ «ገና ሥራ መጀመሩ ነው።»