የእህቴ ጸሎት በእኔ አፍ

ይህን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር ከአንደበቴ የሰማ ሰው የለም። ባሌ አልሰማም፤ አብረውኝ ዓመታት የተወኑትም አልሰሙም። እኛ ቤት የንስሐ አባት የሚባል ነገር አልነበረም። ፕሮቴስታንት ሆነን ነው ያደግነው፤ ኃጢአትሽን በቀጥታ ለጌታ ንገሪ ነው የተባልነው። እኔ ግን ለጌታ ልናገር አፌን ስከፍት የሚወጣው የራሴ ድምፅ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። እናንተም ብትሆኑ ብዙ ንጹሕ አይደላችሁም፤ ስቃችኋል።

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የምናየው ጣቢያ አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በተከታታይ ድራማ ላይ ጌጤ የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ!» የምትለዋ። ያቺ እኔ ነበርኩ። የታክሲ ረዳቱ መልስ ሲጠየቅ ይላት ነበር፤ ተማሪው ፈተና ሲከብደው ይላት ነበር። ጋዜጠኛ «ከየት አመጣሻት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ራሴ ፈጠርኳት» አልኩ። ውሸት ነው። አልፈጠርኳትም፤ ሰረቅኳት። ከማን? ካሳደገችኝ እህቴ።

እህቴ ታደለች ትባላለች፤ እኔ እቴቴ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። እቴቴ ወላይታ ሶዶ፣ ቅቤ ተራ እየነገደች፣ ሳታገባ፣ እኔን አዝላ ኖረች። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። አማርኛን የለመደችው ከገበያተኛ አፍ ነውና ወንዱና ሴቱ ይምታታባታል፤ መምህሩን «መጣች» ትለዋለች፣ ላሟን «ታመመ» ትላታለች፣ እኔን «ብላ እንጂ ልጄ» ትለኛለች። ሶዶ ውስጥ በዚህ የሚስቅ አልነበረም፤ ከተማው ግማሹ እንደዚያው ነው የሚያወራው።

እቴቴ የምትታወቀው በቅቤዋ ሳይሆን በጸሎቷ ነበር። የታመመ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ተበላ ከምትባለው ከተማ ድረስ መጥተው ይወስዷት ነበር። ዱቦ ሆስፒታል ዘመድ የሌለው በሽተኛ ተኝቷል ሲባል ገበያዋን ዘግታ ትሄዳለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያንን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ እያለቀሰች ትጸልያለች። እኔ በልጅነቴ ከጎኗ ሆኜ ያየሁት ይሄንን ነው።

እኔስ? በትምህርት ቤት የፀረ-ኤድስ ክበብ ድራማ ስሠራ ተጨበጨበልኝና ልቤ አበጠ። አዲስ አበባ ገባሁ። አነጋገሬ ሲያስቃቸው አንድ በአንድ ነቅዬ ጣልኩት፤ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ «እዚሁ ነው» እላለሁ። ለዓመታት ሻይ አቅርባ የምትወጣ፣ በር ከፍታ የምትዘጋ ሆኜ ሠራሁ። በመጨረሻ የጌጤ ገጸ ባሕርይ መጣች፤ አዘጋጁ «ከደቡብ የመጣች፣ አነጋገሯ የሚያስቅ» አለ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ስላችሁ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ነገር ግን ልምምዱ ላይ አልሆንልኝ አለ፤ የነቀልኩትን አነጋገር መልሼ ላገኘው አልቻልኩም። ያኔ እቴቴን አስጠራኋት።

«ናፍቀሽኛል» አልኳት። ቅቤና ዳጣ ተሸክማ መጣች። ቴፕ ገዝቼ ነበር። «ጸልዪልኝና ድምፅሽን ልቅዳው፤ ብቻዬን ስሆን እሰማዋለሁ» አልኳት። በወላይትኛ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«በአማርኛ አድርጊው፣ እቴቴ።»

ግራ ገባት፤ እሷም በአማርኛ መለሰችልኝ። «ጌታ ወላይትኛ ትሰማለች። አማርኛ ለምን?»

«እዚህ ሆኜ ወላይትኛው እየጠፋብኝ ነው» አልኳት። ይህንን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዘነችልኝ! ለእኔ፣ ቴፑ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ለምጠብቀዋ፣ አዘነችልኝ። ከዚያ በቅጡ በማታውቀው ቋንቋ፣ ለእኔ ብላ፣ ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄ ልጅ እናት የለውም። አንቺ እናቱ ነሽ። አገር ሰፊ ነው፣ ልጁ ትንሽ ነው። አንቺ ያዢው።»

አሁን ሳስበው ከዚያ የበለጠ ጸሎት ማንም ጸልዮልኝ አያውቅም። ያኔ ግን ምን አሰብኩ? አገኘኋት! ይሄንን ነው ያሰብኩት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቻት፣ ጉንጯን ስሜ፣ ቤቴ ተመልሼ ቴፑን ከፈትኩ። እያስኬድኩ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ አጠናኋት። የትንፋሿን መቆራረጥ አጠናሁ። የምታለቅስበትን ቦታ ሳይቀር ለይቼ ያዝኩና እዚያ ጋ ንፍጥ መሳብ ጨመርኩበት፤ የበለጠ ያስቃል ብዬ።

አሳስተውኝ ነው እንዳልል የድራማው ደራሲ ራሱ ፈርቶ ነበር። «ጸሎት ነው፣ ሰው ይቀየማል፣ ይቅር» አለ። የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ቢሮው ውስጥ ቆሜ፣ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ፣ «ይሄ ልጅ እናት የለውም» ብዬ አሳየሁት። ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። በዚያው ጸደቀች። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ተጠንቶ፣ ተለማምዶ፣ መብራት በርቶለት የተሠራ ነው።

ሶዶ የሆነውን የሰማሁት ከጋሽ ከድር ነው። ጋሽ ከድር ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ፣ ቅቤ ተራ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ዕቃ ሊጭኑ መርካቶ መጥተው አፈላልገው አገኙኝ። ገበያተኛው እቴቴን «አንቺ ታውቂያለሽ!» እያለ ሲያበሽቃት እሷ ምክንያቱን አታውቅም ነበር፤ ፈገግ ብላ ቅቤዋን ትመዝናለች። እሳቸውም ድራማውን አላዩትም። «እህትሽ ቲቪ ላይ አለች፣ ነይ እዪ» ብለው ሱቃቸው ጠሯት። ነጠላዋን አጥባ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። ጎረቤቶቿ ፊት፣ የገዛ ጸሎቷን ከእኔ አፍ፣ ከነለቅሶው ሰማች። ሰው ሳቀ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ጋሽ ከድር ቴሌቪዥኑን ቢያጠፉትም ዘግይተው ነበር። እቴቴ ተነስታ «በሉ ልሂድ፣ ላሙ አልታለበም» ብላ ወጣች።

«ልጄ» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ «እኔም አማርኛዬ የስልጤ ነው። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው?»

በዚህ አልጨረሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ እቴቴ ሰው ፊት ጸልያ አታውቅም፤ በአማርኛም በወላይትኛም። ከተበላ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ በሯ ድረስ መጥታ ብትለምናት እንኳ እንቢ አለች። ለምን ቢሏት «ጸሎቴን ቴሌቪዥን ወሰደች» አለች።

ያንን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ድራማውን ተውኩ? አልተውኩም። ለሚቀጥለው ክፍል ልምምድ ነበረኝ፤ ሄድኩ። ጌጤን ሆኜ የሳሙና ማስታወቂያ ሠራሁ። ለእቴቴ ደግሞ፣ እስቲ ስሙኝ፣ ለእቴቴ ቴሌቪዥን ገዝቼ ላክሁላት! ከካርቶኑ ሳታወጣ የቅቤ ዕቃ ማስቀመጫ አደረገችው አሉ። ይህንን ለባልደረቦቼ እንደ ቀልድ ነገርኳቸውና እንደገና ሳቅን። ያጎረሰኝን እጅ መንከሴ አንሶ አላመጥኩት። ሥራ ነው፣ ጥበብ ነው፣ ሕዝብ ወደደው፤ ስንት ዓመት ነው ይህንን ለራሴ ያልኩት? ጥበብ! ከአልጋ ጫፍ ላይ የሰው ለቅሶ ሰርቆ መሸጥ ጥበብ ከሆነ እንግዲህ ጥበበኛ ነበርኩ።

ድራማው አለቀ፤ ሌሎች ልጆች መጡ፤ እኔን ከጌጤ ሌላ አድርጎ የሚያየኝ አዘጋጅ ጠፋ። ይህንን እንድታዝኑልኝ አልተናገርኩም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ከዓመታት በኋላ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣና ቀዶ ጥገና ተወሰነልኝ። ፈራሁ። ስፈራ ወዴት ሄድኩ? ሶዶ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ከዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለው ቤታችን ወጣሁ። እቴቴ አርጅታለች። አላባረረችኝም፤ አበላችኝ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ነገር ግን እንደ ድሮው «ብላ እንጂ» አላለችኝም፤ አንድ የአማርኛ ቃል አልተናገረችኝም። በማግሥቱ ጠዋት እግሯ ሥር ተንበርክኬ ቴፑንም ውሸቱንም ነገርኳት። ወላይትኛው አለመጥፋቱን፣ ያንን የተናገርኩት ላታልላት መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ እንድትጸልይልኝ ለመንኳት።

በወላይትኛ ነው የመለሰችልኝ፤ በወላይትኛ ስትናገር ቃሏ አንድም ቦታ አይደናቀፍም።

«እጸልይልሻለሁ። አንቺ ግን ውጪ።»

ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ጓሮ እንሰቱ ጋ ቆምኩ። ብዙ ቆይታ ጀመረች፤ ድምፅዋ በግድግዳው ቀዳዳ በቀጭኑ ይመጣል። ስሜን ጠራች። በዚያች ደቂቃ አለቀስኩ፣ ወደቅሁ፣ ተጸጸትኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። እርጅና በድምፅዋ ላይ ያመጣውን አዲስ መንቀጥቀጥ እየለየሁ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ከንፈሬ እሷን እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር።