በዶላር የጻፍኳት ወረቀት

አርባ ምንጭ አስጎብኚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አዞ አልፈራሁም፣ ጉማሬም አልፈራሁም። የፈራሁት ወረቀት ነው። ያውም ከተማሪ ደብተር የተገነጠለች፣ የገዛ እጄ ጽሑፍ ያለባት አንዲት ወረቀት። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው "ዋጋውን ጻፍልኝ" ሲለኝ እስክሪብቶ የለኝም እላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ አስተማሪ፣ ዕድሜው ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ ብቻውን መጣ። ፈረንጅ በያይነቱ አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ካሜራ እንኳን አልያዘም። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይዤው ስወጣ፣ የአዞ ገበያ የምንለው ዳርቻ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎች "በቋንቋችሁ ቁጠርልኝ" አለኝ። እኔ በዶርዜኛ ስቆጥር እየተከተለኝ ቆጠረ። ስንመለስ ደግሞ ጉማሬዎቹን እሱ ይቆጥር ጀመር። "መቶስ ምን ይባላል?" አለኝ። "መቶ ጉማሬ ከየት ታመጣለህ?" ብዬ ስቄ አስተማርኩት።

ከዚያ ዶርዜ፣ ተወልጄ ያደግኩበት መንደር ወሰድኩት። አባቴን ተዋወቀ። አንድ አዛውንት ሸማኔ ዘንድ ገብተን ቡልኮ ሲሠሩ አየና ወደደው። ቡልኮ ወፍራም የጥጥ ብርድ ልብስ ነው፤ ለደጋ ብርድ ከእሱ ወዲያ የለም። "ለእኔም አንድ ይሥሩልኝ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ" አለ። በሁለት መቶ ብር ተስማሙ፤ ያስማማኋቸው እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ የአውሮፕላኑ ቀን ደረሰና ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሄደ።

ጋሞ አገር ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው የሚሄድ እንግዳ የለም። አዲስ አበባ ሄዶ የሚሸምነው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ የሚገባበት ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ሲመጣ እሱ መሄዱ አባቴን አሳዘነው፤ እሱንም አሳዘነው። "እመለሳለሁ" አለኝ። "ሙሉ ወር እቆያለሁ፣ መስቀልንም አያለሁ። ስንት ገንዘብ ይበቃኛል? ጻፍልኝ።"

ጻፍኩለት። አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ ወደ ዶርዜ የሚያወጣ መኪና፣ የእኔ የቀን ክፍያ፣ ቡልኮው። እንዲመቸው ብዬ ደግሞ በዶላር። ያኔ እኛ አስጎብኚዎች ዘንድ ዶላር የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። በቆሎ ይወደዳል፣ ብር ይረክሳል፣ ዶላር ግን ዶላር ነው ብለን ቁጭ ብለናል። ከታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ማን ፈርም አለኝ? ማንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከተፍ አለ። ወረቀቷን በላስቲክ አሽጓታል። ከጡረታው በየወሩ እየቆነጠረ ያጠራቀመው ዶላርም እላይዋ ላይ በተጻፈው ልክ ነው። "ትርፍ አልያዝክም?" ብለው "አንተ ጻፍክልኝ እኮ" አለኝ። የባንክ ካርድ እንዳይጠቀም ያኔ ከተማችን ካርድ አታውቅም። ይባስ ብሎ፣ በአውሮፓ ሲያልፍ ሁለት ቀን አድሮ ነበርና እዚያም ተነክቶበታል። "ዶላሬን ስሰጣቸው በሁለት ጣት ነው የተቀበሉኝ" አለኝ። "ሲመነዝሩልኝ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። አንድ ስኒ ቡና ጠጥቼ የምሳ ዋጋ ከፈልኩ።" እኔም ሳቅኩ። "ግዴለም፣ እኛ ጋ ይካስሃል" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

ባንክ ሄድን። ለአንድ ዶላር የተሰጠው ብር ከዱሮው ትንሽ ቢበልጥ እንጂ አላነሰም። የሚገዛው ነገር ግን ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ሲቀላ ሰፈር ያለው ርካሽ አልጋ ቤት ዋጋውን እጥፍ አድርጎታል። ጀልባዎቹ ነዳጅ ጨመረ ብለው ጨምረዋል። አሳ ጥብሱ ከሳህኑ መሀል ተኮማትሮ ዋጋው ግን አብጧል። ያን ዓመት ምን ያልጨመረ ነበር? ዘይት ብትል፣ ጤፍ ብትል፣ በቆሎ ብትል፤ ሰው ገበያ ወጥቶ ግማሽ ዘንቢል ይዞ እያጉረመረመ ነበር የሚመለሰው። እኛ ለምደነዋል። እንግዳዬ ግን በየደረሰበት ወረቀቷን ያወጣል፣ ያነባል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል።

"እዚህ ላይ የአልጋው ዋጋ ይሄ አይደለም።"

"ያኔ ነበር። አሁን ጨምሯል።"

"ባንኩ ቀነሰብኝ?"

"አልቀነሰብህም።"

"ታዲያ ማን ቀነሰው?"

በቀን አሥር ጊዜ ይሄው ነው። ቁርስ ላይ፣ ጀልባ ላይ፣ ሻይ ቤት። ደሜ ፈላ። እኔ አዞ አሳያለሁ እንጂ የገንዘብ ሚኒስትር አይደለሁም። አንጀቴን ያሳረረው ደግሞ ሌላ ነው። ከአልጋ ቤት ኮሚሽን የሚበላ አስጎብኚ ሞልቷል፤ እውነት ለመናገር እኔም በሌሎች እንግዶች ላይ በልቼ አውቃለሁ። ከዚህ ሰውዬ ግን አምስት ሳንቲም አልነካሁም። ሰው የሠራው ጥፋት ሳይታወቅበት ቀርቶ ባልሠራው ሲጠረጠር እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

በአሥረኛው ቀን ዶርዜ ወጣን። አባቴ ቤት ቆጮ በዳጣ፣ በእርጥብ በርበሬ ማባያችን፣ ቀረበለት። አልነካውም። ወረቀቷን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ለአባትህ ንገራቸው" አለኝ። "ልጅዎ ዋሽቶኛል በላቸው። ገንዘቤን እየበላ ነው፣ በዚህ ከቀጠለ መስቀል ሳይደርስ ያልቅብኛል በላቸው።"

እስቲ አስቡት። እዚያ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። "ምግቡ ይጣፍጣል ይላል" ብዬ መገላገል እችል ነበር። አባቴ ግን ፊቴን አይቷል። "ምንድነው ያለው? ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገረኝ" አለኝ። ነገርኩት። ተነስቶ ጋቢውን ደረበና ሽማግሌዎች ሊጠራ ወጣ። እሱ ራሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ በልጁ ጉዳይ ግን ፈራጅ ሆኖ አይቀመጥም።

ዱቡሻ የምንለው ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት የሣር ሜዳ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው እውነቱን ይናገራል። ጥፋቱን ደብቆ ከተነሳ ጎሜ ይሆንበታል። ጎሜ ያለበት ሰው እሱ ብቻ አይጎዳም፤ ከብቱ ይታመማል፣ ማሳው ይመክናል ይባላል። ተምሬያለሁ የምለው እኔ እንኳን ይሄን በቀላሉ አላየውም። በዚያ ላይ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሌባ ከተባልኩ እንግዳ ይዤ ዶርዜ መግባት ቀረ። እንጀራዬም አበቃ፣ አባቴም አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ተቀመጡ። አንዱ "አስተርጓሚ ይፈለግ" አሉ። ተፈለገ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የእንግሊዝኛ መምህሩም አገሩ ገብቷል። ዞረው ዞረው እኔው ላይ መጡ። "ሳትቀንስ ሳትጨምር" አሉኝ እነሱም። ይሄንንም ለእንግዳዬ አስተረጎምኩለት።

እንግዲህ ከሳሽ ሲናገር እኔ፣ ሽማግሌ ሲጠይቅ እኔ፣ ተከሳሽ ሲመልስ እኔ። "ይሄ ልጅ አታልሎኛል ይላል" ብዬ የገዛ ደረቴን ጠቆምኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። "ያመጣኸው ገንዘብ ያው ነው?" ብለው ሽማግሌዎቹ እንግዳዬን ጠየቁት። ያው ነው። "ባንኩ አልቀነሰብህም?" አልቀነሰም። "ታዲያ ማን በላው?" ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ገበያው በላው አልኩ። "ገበያው አፍ አለው?" አሉኝ አንዱ።

ይሄኔ ያ ሸማኔ አዛውንት ከዳር ተነሱ። "ልናገር" አሉ። "ዱሮ አንድ ጋቢ ሸጬ ለቤቴ የወር እህል እገዛ ነበር። ዘንድሮ ጋቢው ያው ነው፣ እጄም ያው ነው። እህሉ ግን ሁለት ሳምንት አይደርስም። የእኔንስ ማን በላው? ይሄ ልጅ ነው?" ብለው ተቀመጡ።

አስተረጎምኩ። እንግዳዬ ሸማኔውን ትክ ብሎ አያቸውና ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት።

ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። የት ይገኛል? "ሌባ የለም፤ ጥፋት ግን አለ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ጽሑፉ የማን ነው?" የእኔ። "የከርሞ ገበያ ያንተ ነው?" አይደለም። "ያንተ ያልሆነውን ለምን ፈርመህ ሰጠኸው?" በአገራችን የይቅርታ ደንብ እርጥብ ሣር ይዤ እንግዳዬ ፊት ተንበረከክሁ። የተፈረደብኝን ፍርድም ቃል በቃል ራሴው አስተረጎምኩለት። እርር ድብን አልኩ። እሱ ግን ብብቴን ይዞ አነሳኝና ሌባ ስላለኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም የቀን ክፍያዬን ተውኩለት። ሲሰላ፣ የቡልኮው ሁለት መቶ ብር ተከፍሎ የቀረው ገንዘብ ተቆጥቦ ተቆጥቦ ልክ መስቀልን ያደርሰዋል። አባቴ "ቤቴ ይሁን፣ ምን ገንዘብ ያስፈልገዋል" ቢለው እምቢ አለ። "በዚህ በክፉ ዓመት የሽማግሌ እህል አልበላም" አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ተናድጄ ብቻ በቀረሁ። ሸማኔው ቤታቸው ሄደው ቡልኮውን ይዘው መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጣጥፈው አስቀምጠውታል። ሚስታቸው የፈተሉት፣ ድሩ የጠበቀ፣ ያን ጊዜ ገበያ ቢወጣ ዓይን ሳያሹ አራት መቶ የሚያወጣ። ለእንግዳዬ አስታቀፉትና በቋንቋችን "ሁለት መቶ" አሉ።

"አባባ፣ ጥጡ ብቻ አሁን ይሄን አያወጣም?" አልኳቸው።

"ቃሌ ነው" አሉ።

ቅድም ቆመው እህሌ ሁለት ሳምንት አይደርስም ያሉት ሰውዬ ናቸው። ለፈረንጁ ዶላር ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እኔ ተንበረከክሁ፣ ግማሽ ቀን ጠፋ። የእሳቸውን ግማሽ ዋጋ ማን እንደበላው ግን የጠየቀ የለም። እንግዳዬ "ስንት አሉ?" ብሎ ሲያየኝ "አራት መቶ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አሥር ቀን እውነት ስናገር ውሸታም ተባልኩ። አሁን እርጥቡን ሣር ከእጄ ሳልጥል፣ ያውም ዱቡሻ ላይ፣ ዋሸሁ።

እንግዳዬ ቡልኮውን ትከሻው ላይ ጣለ። ከዚያ ከፍሎ ጨረሰ። ሸማኔው ብሩን አይተው እኔን አዩኝ። "ምን ብለኸው ነው?" አሉኝ። "ደስ ብሎት ነው የጨመረው" አልኳቸው። ሁለተኛ ውሸት። እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ምርቃቱን ሳልቀንስ ሳልጨምር አስተረጎምኩ።

ያ ትርፍ ሁለት መቶ ብር የሦስት ቀን መኖሪያው ነበር። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡ ሲያልቅበት፣ አዲስ አበባ የሚኖር ያገሩ ሰው በነፃ የሚያሳድረው ቤት ስለነበረው ወደዚያ ሊሄድ ተነሳ። ለመስቀል ስንት ቀን ቀርቶት? ሦስት። እኔ ቤት እንዲያርፍ ለመንኩት፤ በጄ አላለም። ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። ከአዲስ አበባ የሚገቡት አውቶቡሶች በሸማኔና በዕቃ ታጭቀው ይደርሳሉ፤ የሚወጣው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ነው። ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሻንጣውን ይዤ ተከተልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ ቡልኮውን መታ መታ አደረገና፣ በቋንቋችን፣ ጀልባ ላይ ባስተማርኩት አነጋገር "ሁለት መቶ" አለ። "ለአባትህ እንኳን አደረሰዎ በልልኝ" አለኝ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። "ይሄን ግን ሳትቀንስ ሳትጨምር።"

ለመስቀል ዶርዜ ወጣሁና እንኳን አደረሰዎ ብሎሃል አልኩት አባቴን። "ምነው ሦስት ቀን መታገሥ አቃተው?" አለኝ። ዶላሩ አነሰበት አልኩት። ያን ሁሉ ቀን እየማልኩ ስናገረው ማንም ያልተቀበለኝን ነገር፣ አባቴ ያን ዕለት ምንም ሳይጠይቀኝ አመነኝ።