ፈራሚ የጠፋለት ክርክር

እንዳለው ፈረደ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቢቸና ባለው ዩኒቨርሲቲ የአዳራሽ ኃላፊ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ኃላፊ መባሉ አያሳስታችሁ። ስድስት መቶ ወንበር ይደረድራል፣ ማይክ ይሞክራል፣ ስብሰባ ሲያበቃ የውኃ ፕላስቲክ ይለቅማል። ቅጥሩም ኮንትራት ስለሆነ ሰኔ በመጣ ቁጥር ደጅ መጥናት ነው። ዘንድሮ ግን ቋሚ ትሆናለህ ተብሎ ፎርም ተሞላለት፤ የቀረው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ ነበር። ለዚያች ፎርም ሲል ለመርጡለ ማርያም ጃንጥላ ተስሏል።

ምርጫው ሲቃረብ ዩኒቨርሲቲው የፓርቲዎች ክርክር አስተናግዳለሁ አለ። ባነር ተሰቀለ፣ ከሞጣም ከአምበርም ሰው ተጠራ፣ ፕሬዚዳንቱም በሬዲዮ ስለ ሐሳብ ልዕልና ሲያወሩ ሰነበቱ። ታዲያ አራት ቀን ሲቀረው ከጸጥታ ቢሮ አንዲት ወረቀት መጣች። ክርክሩ ይካሄድ የሚል ካለ ኃላፊነቱን ወስዶ እስከ ዓርብ ይፈርም፤ ካልተፈረመ ተሰርዟል ትላለች። ጉድ ፈላ!

ለፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን ባሕር ዳር ላይ አስቸኳይ ሥልጠና ተገኘላቸው፤ ለምክትላቸው ውክልና ጽፈው ሄዱ። ምክትሉን ወገባቸውን አመማቸውና ለዲኑ ጻፉ። ዲኑ ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ጻፈ፤ ኃላፊው ደግሞ አክስቴ ሞተች ብሎ ለእንዳለው ጽፎ ወጣ። አክስቲቱን የእንዳለው ሚስት ስንቄ በማግስቱ ገበያ ላይ ቃሪያ ስትመርጥ አግኝታታለች። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። የበዓል በግ ሲከፋፈል ግን በዚያ ግቢ ውክልና የጻፈ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ጠዋት አራት ደብዳቤ ከነማኅተሙ እንዳለው እጅ ገባ። ወንበር ደርዳሪው ዩኒቨርሲቲውን ይመራ ጀመር፤ ደስ ይበለው!

ስንቄ ነገሩን ሰምታ ታመም አለችው። ከፈለገ ጨጓራ፣ ከፈለገ ራስ ምታት፤ ወገብ እንኳ በምክትሉ ተይዟል። ዝም ካልክ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ይቀራል፣ ፎርምህም ትፈረማለች፤ ለሦስት ልጆችህ ስትል ሁለት ቀን መተኛት ያቅትሃል ወይ አለችው።

ተኛም። ጋቢውን ተከናንቦ እስከ ዓርብ ቀትር ተጋደመ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። አባቱ አቶ ፈረደ ሞጣ ዙሪያ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ አገር ባለጉዳዮችን ቀጥሮ የቀረ ሽማግሌ፣ ዳግመኛ ለእርቅ አይጠራም፤ ልጆቹም በስሙ ይሰደባሉ። እንዳለው ልጅ ሳለ አባቱን ንዳድ ይዟቸው፣ ሰዎቹ በእግራቸው መጥተዋል ብለው በቃሬዛ ዋርካው ሥር ድረስ አስወስደው ሲሸመግሉ አይቷል። እሱ ደግሞ ጤነኛው ሰውዬ ጋቢ ውስጥ ተደብቋል። አፈረ፤ ክፉኛ አፈረ። ተነሥቶ ሄደና ፈረመ።

ቅዳሜ ክርክሩ ተካሄደ። አንድ ወንበር እንኳ አልተሰበረም። ተከራካሪዎቹ በማዳበሪያ ጉዳይ ተሸነቋቆጡ፣ ሕዝቡ ለሁሉም እኩል አጨበጨበና የሞጣውም በሚኒባሱ፣ የአምበሩም በሚኒባሱ ወደየቤቱ ገባ። የፕሬዚዳንቱ ሥልጠና በምን ተአምር እንደሆነ አልቆ ለመዝጊያ ንግግር ደረሱ። ምክትሉም ተሽሏቸው ፎቶው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እንዳለው ፎቶው ላይ የለም፤ ወንበር እየሰበሰበ ነበር።

ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ክሱ ከደረጃ በላይ መፈረም ነው፤ ሰብሳቢው ምክትሉ ናቸው። እንዳለው አራቱን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። ምክትሉ አንድ በአንድ ገለጧቸው፤ የራሳቸውን ፊርማ እንኳ በደንብ አዩት። ከዚያ የቋሚነቱ ፎርም እንደማይፈረም፣ ኮንትራቱም ሰኔ ላይ እንደማይታደስ ነገሩት።

እንዳለው፣ መፈረም ካልነበረብኝ ታዲያ ውክልናውን ለምን ሰጣችሁኝ ብሎ ጠየቀ።

ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ። እንዳዘኑለትም ያስታውቁ ነበር።

«አቶ እንዳለው፣ ለእርስዎ የሰጠነው እኮ አይፈርሙም ብለን ነው» አሉት።